ስምንት ልጅ፣ አንድ ማርክ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ውዝዋዜ አስተምራለሁ። የ9ኛ ክፍል ልጆቼን ስምንት ስምንት አድርጌ መደብኩና የራሳችሁን ቅንብር አምጡ አልኳቸው። በየቡድኑ ግን አንድ ጎበዝ ሁሉንም ይፈጥራል፣ ሌላው እሱን እያየ ይከተላል። ለሁሉም እኩል ማርክ ሰጠሁ። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ ስትለፋ ከርማ፣ ሲያላግጥ ከከረመው ጋር እኩል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መልስ፦ መምህር፣ እናትየዋ እውነታቸውን ነው። አይዘኑ፣ እኔም አስተማሪ ሳለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር። አንዴ ደፍኜ ማርክ የሰጠሁትን ቡድን ለወላጆች ቀን እንዲደግመው አዘዝኩ። መሪያቸው የዚያን ቀን ታማ ቀረች። ሙዚቃው ተጀመረ፣ ሰባቱ ቆመው ተያዩ። ለካ ሁሉም ሲያይ የከረመው እሷን ነው! ማርኩን የሰጠሁት ለአንድ ልጅ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ማርኩን ለሁለት እከፍለው ጀመር። ከ40ው 15ቱ የቡድኑ፣ 25ቱ የእያንዳንዱ ልጅ።

መጀመሪያ ቡድን የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን አጭር እንቅስቃሴ ይፈጥራል፣ የከበሮው ምት አራት ጊዜ እስኪዞር የምታልቅ ብትሆን በቂ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጆቹ ከቲክቶክ ለምደው እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። እስክስታ የሚወረድበት ችክችካ የሚባለው ምት ግን በስድስት ነው የሚሄደው፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። በስምንት የቆጠረ ልጅ ትከሻው ከከበሮው ጋር ይጣላል፣ ከዚያ «እኔ አልችልም» ብሎ ጥግ ይይዛል። መጀመሪያ እያጨበጨቡ ያስቆጥሯቸው፣ ትከሻው በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ቡድን ይግቡ፣ እያንዳንዱም የፈጠረውን ለሰባቱ ያስተምር። 10 ማርክ እዚህ ላይ ይሰጣል። ጎበዙ ልጅ የሌሎቹን መማር ግድ ይሆንበታል፣ እና እመኑኝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው እሱ ነው።

ስምንቱን ቁራጭ መገጣጠሙ ነው ዋናው ቅንብር። ስምንት ሰው አንድ ላይ ትከሻ ሲመታ ያምራል፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲሆን ግን ሰልፍ ነው የሚመስለው። ሠርግ ቤት ያዩትን ያስታውሷቸው፦ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ትንሽ ቆየት ብሎ ይመልሳል፣ የቀረው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። ይሄው ቅንብር ነው፣ ሌላ ምን አለ! አንዱ የጀመረውን ቀጣዩ ዘግየት ብሎ እንዲቀበለው፣ ግማሾቹ ቁጢጥ ሲሉ ግማሾቹ እንዲነሱ ያስሞክሯቸው። ጎንደር ሆኖ ጥምቀትን ያላየ ልጅ የለም መቼም። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲያሸበሽቡ ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ከበሮው ሲፈጥን አብረው ይፈጥናሉ። እሱን አምልኮ ነውና ወደ መድረክ እንዳያመጡት፣ ግን እንዴት እንደሚደማመጡ ልጆቹ ልብ ይበሉ።

ለፈተናው ቀን ዕጣ ያዘጋጁ። የአንድ ልጅ ስም ይወጣል፣ እሱ ይቀመጣል፣ ሰባቱ ክፍተቱን ሸፍነው ይሠራሉ። ቀጥሎ ሙዚቃውን መሀል ላይ ያቁሙና ሌላ ዕጣ፣ የወጣለት ልጅ ካቆሙበት ብቻውን ይቀጥል። ይሄ ሌላ 10 ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሳሉ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ሳይጠየቁ እርስ በርስ ሲጠናኑ ያገኟቸዋል። የቀረችው 5 ለደብተር ናት፦ ምን ሐሳብ አመጣሁ፣ ምኑ ተጣለ፣ ለምን። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

የትከሻ ችሎታን ለብቻው ማርክ ባይሰጡት እመርጣለሁ። አንዱ በልጅነቱ ሠርግ ላይ ሲወርድ አድጓል፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ነው የጀመረው። ትከሻው እንጨት የሆነ ልጅ ማን የት እንደሚቆም በማቀናበር ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፣ አይቻለሁ።

ደግሞ ፈተናውን ሁዳዴ ላይ እንዳያደርጉት። ጾም ነው ብለው የማይወዛወዙ ልጆች ይኖራሉ፣ በረመዳንም እንዲሁ። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለችው ጊዜ ካልበቃች ከፋሲካ በኋላ ያድርጉት። ጭራሽ መወዛወዝ የማይፈልግ ልጅ ካለ ከበሮ ይምታ፣ አሰላለፉን ይሣል፣ ቡድኑን ያስቆጥር። ለዚያም ማርክ አለው።

ለእናትየዋ ደግሞ የልጃቸውን ደብተር ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ተማሪ ነኝ። ረጅም ስለሆንኩ ሁልጊዜ ከኋላ ረድፍ ያቆሙኛል። ማንም አያየኝም፣ መምህራችንም ማርክ ሲሰጥ የፊቶቹን ብቻ ነው የሚያየው። ምን ልበል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ «ፊት አቁሙኝ» አትበያቸው፣ ነገሩ ፀብ ይሆናል። ይልቅ ለቡድኑ ሐሳብ አቅርቢ፦ መሀል ላይ ሙዚቃው ሲቀየር ሁላችሁም ባላችሁበት ዙሩና ጀርባችሁን ለተመልካች ስጡ። ከዚያ አንቺ ያለሽበት ረድፍ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይመለስና እስክስታውን ይጀምር። የፊቶቹ ቆመው ይጠብቁ። ያኔ መምህሩ የት ያያል?