ሁለቱም ልጆቼ «እኔ ጋ ነው የምታርፊው» ይላሉ

ጥያቄ፦ የ66 ዓመት ጡረተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ሁለቱም ልጆቼ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ናቸው፤ ወንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ገና ልጅ የሌላት ሴቷ አሌክሳንድሪያ። ቪዛ አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሄድ ነው። ምራቴ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ትወልዳለች፤ ልጄም «ስድስት ወር ሙሉ እኛ ጋ ነሽ» ይለኛል። ሴቷ ደግሞ «ሞግዚት ሊያደርጉሽ ነው፤ እኔ ጋ ነው የምታርፊው» ብላ ተቆጥታለች። ከምራቴ ጋር የምንተዋወቀው በስልክ ብቻ ነው። አንዳቸውንም ማስከፋት አልፈልግም፤ ሸክም እንዳልሆንም ሌሊቱን ሳስብ አድራለሁ። ቲኬቱ ገና አልተቆረጠም። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

ምላሽ፦ ቲኬቱ እስካሁን አለመቆረጡ ጥሩ ሆነ። «የማን ቤት?» የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና «መቼ ገብቼ መቼ እመለሳለሁ?» ከሚለው ይጀምሩ። የመመለሻው ቀን ካልታወቀ እንግዳውም ባለቤቱም አንዱ ሌላውን ሲታዘብ ይከርማል። ምራት «እስከ መቼ?» ብላ መጠየቅ ያስነውራታል፣ ልጅ ነገሩን ማንሳት ይፈራል፣ እናት ደግሞ «ሰልችቻቸው ይሆን?» እያለች የሁለቱን ፊት ታነባለች። ቀኑ ሲታወቅ ይህ ጭንቀት ግማሹ ይቀላል።

ስድስት ወር የሚለው ሐሳብ የመጣው ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ቆይታ ያን ያህል ስለሆነ ይመስለኛል። ፈቃዱ ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ደግሞም የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ቪዛ ሳይሆን ኤርፖርት ላይ የሚቀበልዎ መኮንን ነው፤ የተፈቀደውን የመጨረሻ ቀን ልጅዎ አይ-94 ከሚባለው መዝገብ በኢንተርኔት አይቶ ይንገርዎት።

እኔ የምመክርዎ ወደ መቶ ቀን የሚጠጋ ቆይታ ነው፤ ከመስከረም 28 እስከ ጥር 8 ገደማ። ሕፃኑ ጥቅምት 15 አካባቢ ቢወለድ ወንድ ከሆነ አርባ ቀኑ ኅዳር 25፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀኗ ጥር 5 ላይ ይውላል። በሁለቱም መንገድ ክርስትናውን አንሥተው፣ ገናን ከልጆችዎ ጋር ውለው፣ ጥምቀትን አገርዎ ይደርሳሉ። ከወሊዱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው መግባትዎ ደግሞ በእንቅልፍ ምክንያት ነው። በመስከረም መጨረሻ በሁለቱ አገር መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሰዓታቸውን በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ሲቀይሩ ስምንት ይሆናል። ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት በግምት አንድ ቀን ይፈልጋልና የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይንገላጀጃሉ። በዚያ ሁኔታ አራስ ቤት የምትገባ አያት ለቤቱ ሁለተኛ ታማሚ ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ወጥተው ብርሃን ይሙቁ፤ ቀን ካሸለቡም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቀናት ገደማ ሴት ልጅዎ ጋ ይረፉ። ይህ የማረፊያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ሞግዚት ሊያደርጉሽ ነው» የሚለው ቁጣ ስለ ወንድሟ የሚናገር ቢመስልም፣ እንደኔ ንባብ ከሥሩ ያለው «የእኔስ ድርሻ የታለ?» የሚል ጥያቄ ነው። እሷ አልወለደችም፤ እናቷን የምትጠራበት «በቂ ምክንያት» የላትም። እርስዎ ከአውሮፕላን ወርደው በቀጥታ ወደ ወንዱ ቤት ቢገቡ፣ እሷ የሚታያት ልጅ የሌላት ሴት ሁልጊዜ ተከታይ መሆኗ ነው። መጀመሪያ የሷን አልጋ ከነኩ በኋላ ግን ሁለት ወር ተኩል ያህል ወንድሟ ጋ ቢያሳልፉ እምብዛም አይከፋትም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታትም ለሷ ያድርጉላት፤ ለገና ወንድሟ ቤተሰቡን ይዞ እሷ ቤት ይምጣ።

ወንድ ልጅዎንም በቶሎ አይፍረዱበት። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ለወላድ የሚሰጠው እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው፤ ይህም ሕጉ የሚጠይቀውን ለሚያሟላ ሠራተኛ ብቻ ነው። የቀን ማቆያ ክፍያው ከባድ ነው፤ ጎረቤት ገብቶ አይገላግልም። «ነይልኝ» ያለው ጨንቆት ነው። ጭንቀቱ እውነት መሆኑ ግን የእርስዎን ሥራ ወሰን የለሽ አያደርገውም። ከመሄድዎ በፊት የሚችሉትን በግልጽ ይንገሩት፤ ለምሳሌ «ምሳና እራት እሠራለሁ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ሕፃኑን እይዛለሁ፣ ሌሊት ግን አልነሣም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ይበሉት። ሰዓት ሲነጋገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማጣራትዎን አይርሱ፤ እነሱ የሚያወሩት በፈረንጁ ነው፤ በዚህ ብቻ የሐኪም ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለየብቻ አይንገሯቸው። ለአንዱ ነግረው ሌላው ከአንደበቱ ከሰማ ተቆራርጦና ጨው ተጨምሮበት ነው የሚደርሰው። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱንም በአንድ የስልክ መስመር ያግኟቸው፤ እዚያ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሁለቱም ነቅተዋል። አነጋገርዎ የምክክር ሳይሆን የውሳኔ ይሁን፦ «ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም ልጠይቅ ነው የምመጣው። መስከረም 28 ገብቼ ጥር 8 እመለሳለሁ። መጀመሪያ እህትህ ጋ አርፋለሁ፤ ከዚያ አራሷን አርሳለሁ፤ ስመለስ የምነሣው ደግሞ ከእህትህ ቤት ነው።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ቢጨቃጨቁ አይዳኙ፤ «ተነጋግራችሁ ንገሩኝ፤ ቀኑ ግን ይኸው ነው» ይበቃል። ቲኬቱን፣ የጤና ኢንሹራንሱንና የኪስ ገንዘብዎን እኩል ይካፈሉ። የኪስ ገንዘብ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በብር ጡረታ የኖረች እናት እዚያ ለሻማና ለካርድ እንኳ እጅ መዘርጋት ሲኖርባት ትንሽ ትንሽ እየቀለለች የሄደች ይመስላታል። ከየአንዳንዳቸው በሳምንት 20 ወይም 25 ዶላር ሳይጠየቁ እጅዎ ቢገባ ብዙ ቅሬታ ሳይወለድ ይቀራል።

ከስልኩ በኋላ ለምራትዎ ለብቻዋ ይደውሉላት። ልጅዎ በመካከል አስተርጓሚ አይሁን። «ከወሊድ በኋላ ምን ባደርግልሽ ደስ ይልሻል? ምንስ ባላደርግ ትመርጫለሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ሁለተኛዋ ጥያቄ ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። ከገቡም በኋላ የወጥ ቤቷን ዕቃ ቦታ አይቀይሩባት። ብዙ አማትና ምራት የሚቃቃሩት በልጅ አያያዝ ነውና ደንቡን አስቀድመው ይወቁት። እዚያ ሐኪሞች ሕፃን በጀርባው፣ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት የራሱ አልጋ ላይ ብቻ እንዲተኛ ያዛሉ፤ እስከ ስድስት ወር ውኃም፣ ቅቤም፣ የአብሽ ውኃም አይሰጥም፤ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ክልክል ነው። «እኛ በቅቤ አሳድገን ምን ሆናችሁ?» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ገንፎውና አጥሚቱ ለእናትየው ነው፤ እዚያ ላይ ሙያዎን ያሳዩ። ምራትዎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብታለቅስ ወይም ብትነጫነጭ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት ወይም ከሕፃኑ ከሸሸች ግን ስንፍና አይደለም፤ ለልጅዎ ነግረው ሐኪሟ ጋ ትደውል።

አሁን ወደ ሻንጣው። ጉዞዎ ሲሰማ ዘመድ ሁሉ አደራ ያመጣል። ያልከፈቱትንና ያላዩትን ፌስታል አይቀበሉ፤ ጫት እዚያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ቢገኝ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። ቋንጣና ማንኛውም ከሥጋ የተሠራ ነገር ከእኛ አገር አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና የሚያስቸግሩ አይደሉም፤ ቢሆንም የያዙትን ምግብ ሁሉ አለኝ ብለው ያስመዝግቡ፤ ሳያስመዘግቡ የተያዘ ሰው ይቀጣል፣ አስመዝግቦ የተከለከለ ነገር የተገኘበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ነው። እንዲያውም እንጀራውም ቅመሙም ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ስለሚገኝ ወገብዎን በኪሎ አይጉዱ።

መድኃኒት ግን ይብዛ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ የመቶ ቀኑንና የሁለት ሳምንት ትርፍ፣ ከነማሸጊያው፣ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ይኑርዎት፤ ሰዓቱ ሲቀየር መቼ መቼ እንደሚወስዱም ሐኪምዎን ይጠይቁ። የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን ጎብኚን አይጨምርም። ኢንሹራንስ ሲገዛ ልጅዎ «የቆየ በሽታን ይሸፍናል ወይ?» የሚለውን አንቀጽ ፈልጎ ያንብብ፤ ርካሾቹ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅልዎት። መራመድ ቢችሉም፣ ቋንቋ ለሚያስቸግረው ሰው ከአውሮፕላኑ በር እስከ ልጆቹ ድረስ የሚያደርስ ሰው ማለት ነው፤ የአገልግሎት ክፍያም የለውም። በበረራው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው።

እዚያ ሲደርሱ በጣም የሚከብደው ምን እንደሆነ ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ቀኑ ነው። ሴት ልጅዎ ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ ቤቱ ጭር ይላል፤ ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤት የለም፤ በታኅሣሥ ፀሐይ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ባል የሞተባት ሴት በዚህ ዝምታ ውስጥ ያላለቀሰችው ልቅሶ ሊመጣባት ይችላል። ልጆችዎ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ምድጃውን፣ በሩንና የማንቂያ ደወሉን አብረዋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩ፤ የቤቱን አድራሻና 911ን በትልቁ ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉልዎ። ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጨሱ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፤ መስኮት ከፍተው፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አብርተው በትንሽ በትንሹ ይቁሉ። እኩለ ቀን ላይ ካፖርት ደርበው ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። እሑድ ዲሲ ቅድስት ማርያም ወይም በየሰፈሩ ካሉት አጥቢያዎች አንዱ ይሂዱ፤ እዚያ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እኩዮችዎን ያገኛሉ፤ ስልክ ይለዋወጡ። የሁለቱ ልጆች ቤት መንገዱ ሲለቀቅ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም፤ ዓርብ ማታ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መመላለሱን ቅዳሜ ጠዋት ያድርጉት፤ በተጨናነቀ መንገድ ላይ የነደደ ልጅ እናቱን በደስታ አያደርስም።

«ሸክም እንዳልሆን» ላሉት፦ ሸክም የሚያደርግዎ «እኔ ምንም አልፈልግም» ማለትዎ ነው። የማይናገር እንግዳ ሌላውን ግምት ላይ ይጥላል። ሦስት ነገር መርጠው በግልጽ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ጉልበትዎ ደረጃ ካስቸገረው ምድር ቤት ያለ አልጋ፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻዎን። ምግብ ሲቀርብልዎም እስኪለመኑ አይጠብቁ፤ እዚያ የኖረ ልጅ የመጀመሪያውን «በቃኝ» አምኖ ሳህኑን ያነሣዋል።

ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ወሬ አያመላልሱ። ሴት ልጅዎ «እንዴት ያዙሽ?» ስትል «ስለ እነሱ እነሱን ጠይቂ፤ እኔ ዛሬ ካንቺ ጋ ነኝ» ይበሏት። ልጅዎና ሚስቱ ቢጋጩ ወደ ክፍልዎ ይግቡ፤ ዱላ ወይም ስድብ ካልሆነ በቀር አይግቡበት።

እዚህ የሚቀረውንም ያሰናዱ። የእድር ክፍያዎን እስከ ጥር ከፍለው ይሂዱ፤ ቤቱን ለሚጠብቀው ሰው ቁልፍና የውኃና የመብራት ገንዘብ ይተዉ። ቲኬቱ ቀን የሚቀየርበት ዓይነት ይሁን፤ ወደ ኋላ ለማራዘም ሳይሆን ካስፈለገ ለማሳጠር። ምልክቱ ይህ ይሁንልዎ፦ ሦስተኛው ሳምንት አልፎም እንቅልፍና ምግብ ካልተመለሰልዎ፣ ወይም በየቀኑ የሚያለቅሱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለሁለቱም ልጆች በአንድ ላይ ይንገሯቸው፤ ሐኪም ይይዎት። ከዚያ በኋላም ካልተሻለ ከክርስትናው ማግስት መመለስ እንደሚችሉ አሁን በዚያው የቅዳሜ ስልክ ላይ ተነግሮ ይለቅ።