ምንጩ የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ

በቅርቡ አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ የሳተላይት ምስሉ ሁሉንም ያሳያል። ለምን ገደል ለገደል እንንከራተታለን?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የጠየቀችኝ ስለ ደብረ ሲና አፋፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ብርድ ነው፣ ጉም ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ትጠማዘዛላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ሹራብ ወልቋል።

የሰሜኑ ደጋ ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ ላቫ የሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ የተነባበረ ነው። ከዚያ የአፋር ወገን ሰመጠ። አፋፉ ግን አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። በስንጥቅ እየተቆረጠ በደረጃ የወረደ ነው፤ የቦርከናና የቆቦ ሜዳዎችም በደረጃዎቹ መሃል የቀሩ ናቸው። እናንተ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ይህን ክፍል ውስጥ ተምራችኋል፣ አልደግመውም።

በወጣትነቴ ከዋሻው በታች ለመንገድ ጥናት ተልኬ ነበር። በመዶሻ ድንጋይ ስፈልጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆመው ያዩኛል። «አንተ ልጅ፣ ድንጋዩ ምን ያደርግልሃል? ና ምንጩን ላሳይህ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። እናታቸው ውሃ ይቀዱበት የነበረው ምንጭ ደርቋል። አዲሱ ከታች፣ ገብስ ማሳ መሃል ፈልቋል። እርከኑ ተላቋል። ጽዶቹ ወደ ቁልቁለቱ ዘመዋል። ምንጩ መቼ እንደደረቀ ስጠይቃቸው ዓመት አልቆጠሩም፤ የትኛው ልጃቸው ያኔ እንደተወለደ ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ።

መንገድ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አፋፉ ላይ ተደርድረው ነበር። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሉም። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ ሽማግሌው ወንጭፋቸውን አወጡ። ገብሱን የሚጨርሱባቸው እነሱ ናቸዋ!

ያሳዩኝ ነገር ትርጉም ነበረው። ባዛልቱ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዝናቡን ያሰርጋል። በመሃሉ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲበሰብስ ሸክላ አፈር ይሆናል፤ ውሃ አያሳልፍም። ውሃው እዚያ ይጠራቀማል። ከላይ ያለው ይከብዳል፣ ከታች ያለው ያሟልጣል። ምንጭ ቦታ ሲቀይር እንግዲህ ከውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

አለቃዬ ግን «የገበሬ ወሬ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» ብለው ሰረዙት። ደብተሩም በደንቡ መሠረት ከፋይሉ ጋር ገቢ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ አካባቢ መሬቱ ተንዶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል ያ ገብስ ማሳ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ሪፖርቱ ላይ ቢጻፍ ናዳው ይቀር ነበር አልልም። ግን የሽማግሌው ስም እንኳ ከደብተሩ ጋር ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ወር አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ፤ በስፋትም እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሁለቱን የሚያያይዙ ሰዎች ገጥመውኛል። እኔ አላያይዝም፤ በመሃላቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የደብረ ሲናው የዝናብና የቁልቁለት ሥራ ነው። የዛሬ ልጆች ግን ትልቅ ነገር ትወዳላችሁ። የአፋሩን ስንጥቅ ቪዲዮ ሼር ታደርጋላችሁ። የደረቀ ምንጭ ማን ይቀርጻል?

ተማሪዋን ግን አትናቁብኝ። የዳባሁን መከፈት የለካው የሳተላይት ራዳር ነው፤ በእግር ማን ይደርስበት ነበር? እኔም ያን ጊዜ ያ ምስል ቢኖረኝ በጣርማበር ብርድ ያን ያህል ባልተንቀጠቀጥኩ። ግማሹ ልክ ናት እንበል። እሺ፣ ከግማሽም በላይ።

ስትሄዱ በመስከረም ሂዱ፤ ክረምቱ እንደወጣ ምንጩ ሁሉ ይታያል። ወንዶቹ ስለ ማሳ ድንበር ነው የሚያወሩላችሁ። ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቁ፤ ምንጭ ሲቀንስ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነገሯችሁን ከነስማቸው ጻፉ። ለቢሮ ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።