ባለ 12 ፍሬውን ስብስብ ሳትገዛ ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ እንቅልፍ ነሳኝ። «ብቻዬን መኖር ልጀምር ነው፣ ቤቴ አብስዬ መብላት እፈልጋለሁ። ባለ 12 ፍሬ የድስት ስብስብ ዐይኔ ገብቷል፤ እሱን ልግዛ ወይስ አንድ በአንድ? ሌላስ የግድ የሚያስፈልገኝ ምንድነው?» ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ስብስቡ ያዋጣል» ብለውሃል። እነሱን ላለማስቀየም ለስለስ አድርጌ ልጽፍ አስቤ ነበር። ያ ስብስብ እኔን ያደረገኝ ትዝ ሲለኝ ግን ተውኩት። አትግዛ።

አንተም እንደኔ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ሁለት ምድጃና አንድ መደርደሪያ ነው የሚኖርህ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤትህ ሰፊ ከሆነም ያው ነው፤ ዕቃ ቦታ ካገኘ ይራባል።

1. «12 ፍሬ» የሚለውን ራስህ ቁጠረው። እኔ የቆጠርኩት ከፍዬ፣ ተሸክሜ፣ ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ከቀደድኩ በኋላ ነው። 4 ድስት። 4 ክዳን። 1 መጥበሻ። 2 የፕላስቲክ ማማሰያ። 1 የፕላስቲክ ጭልፋ። ሞላ፣ 12! ክዳን ራሱን ችሎ እንደሚቆጠር ማን ነግሮኝ? ከአራቱ ድስቶች ትንሿ ሁለት እንቁላል ሲገባባት ለውሃ ቦታ የላትም። ትልቁ ከመደርደሪያ የወረደው አቧራው ሲጠረግ ብቻ ነው። በየቀኑ የሠራሁበት መካከለኛው ነው፤ ለእሱ ስል አሥራ አንድ ዕቃ ደርቤ ገዛሁ።

2. የድስት ነገር ሁሉ ያለው ታቹ ላይ ነው። የእኔዎቹ ውጫቸው መስታወት ነበር፣ ፊቴን አይበታለሁ። ከታች «18/10» የሚል ታትሞባቸዋል፤ ሻጩም እሱን በጣቱ እያሳየ ነው ያሳመነኝ። እኔም ገብቶኝ እንደሆነ ሁሉ ራሴን ነቀነቅኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ 18 ከመቶ ክሮሚየም፣ 10 ከመቶ ኒኬል ማለት ነው፤ ብረቱ እንዳይዝግ ነው የሚጠቅመው። ስለ ማብሰል የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። እንዲያውም ይህ የማይዝገው ብረት ሙቀት በማስተላለፍ ሰነፍ ነው፤ አሉሚኒየም ከእሱ ከ10 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው ደህና ድስት ታቹ ላይ በሁለት ብረት መሃል ወፈር ያለ አሉሚኒየም የሚደረግለት። የእኔዎቹ አልነበራቸውም። ሽንኩርት ሳቁላላ እሳቱ የነካው ቦታ ልክ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይጠቁራል፣ መሃል ያለው ገና ጥሬ ነው። ባማስለውም ባላማስለውም ያው። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስንት ወር እሳት ስቀንስ ስጨምር ኖርኩ መሰለህ።

ስትገዛ እንዲህ አድርግ፦ ገልብጠው፤ ታቹ ዳር ላይ የተለጠፈ ወፍራም ሳህን የሚመስል መስመር ካየህ ጥሩ ነው። በጣትህ አንጓ ምታው፤ ስሱ እንደ ደወል ይጮሃል፣ ወፍራሙ ድምፁ ድፍን ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠህ ከንፈሩን በአንድ በኩል ተጫነው። ከተንቀዠቀዠ ለቀህ ውጣ። ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቀው) ካለህ ወይም ይኖረኛል ካልክ ትንሽ ማግኔት በኪስህ ያዝ፤ ታቹ ላይ ካልተጣበቀ ድስቱ አይሞቅልህም። ሻጩ እንደ እብድ ያይህ ይሆናል፣ ይይህ።

3. እጀታ። እጀታውን ዐይተህ ... እሺ፣ ይህችን ልናገራት። መካከለኛው ድስት እጀታው በአንድ ቡሎን ብቻ ነበር የተያዘው። በአምስተኛው ወር መላላት ጀመረ፣ እያጠበቅኩት ቆየሁ። አንድ ቀን የፈላ ሾርባ ይዤ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው ስዞር እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ድስቱ ወደቀ። እግሬን ያተረፈኝ ወፍራም ጫማ ማድረጌ ነው፤ ግድግዳው ግን እስከ ወገቡ ሾርባ ሆነ።

የሁለት ዓመት ዋስትና አለኝ፣ ካርዱን በፕላስቲክ ከትቼ አስቀምጫለሁ፣ ምን ገዶኝ ብዬ ድስቱን ይዤ ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ደረሰኝ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች «ምንድነው?» አለች። አሳየኋት። ድስቱን ገለበጠችው፣ ታቹን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችና «ይሄ እኮ እሳት ነክቶታል» አለችኝ። 

የምትቀልድ መሰለኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ካርዱን ገልብጣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ በሙቀት የሚመጣ ጉዳት፣ እጀታና ክዳን ዋስትናው አይሸፍናቸውም ይላል። ታዲያ ድስት ምን ቀረው? «አለቃሽን ጥሪልኝ» አልኩ። አለቃው መጣ፤ እሱ ይባስ፣ «እመቤት፣ በአግባቡ ቢይዙት ኖሮ» ብሎ ጀመረኝ። ሃያ ሰው እየሰማ እኔ ድስት መያዝ ልማር! ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄው ነው። በሦስተኛው ምልልስ ድስቱን እዚያው ጥዬላቸው ወጣሁ። አሁን ሳስበው ድስቱን መተው አልነበረብኝም፣ እሱም ቆጨኝ።

ስለዚህ እጀታው በሁለት ወይም በሦስት ሪቬት፣ ማለትም አንዴ ተመትቶ በማይላላ የብረት ምስማር፣ የተያዘ፣ ወይም የተበየደ ይሁን። ቡሎን ከሆነ ደግሞ የትኛውም መፍቻ የሚገባበት፣ መለዋወጫ የሚገኝለት። የዋስትና ካርዱን ከመክፈልህ በፊት አንብብ፤ «ምን አይሸፍንም» የሚለውን ብቻ አንብብ፣ ሌላውን ተወው።

4. ቢላ። የት ነበርኩ? አዎ፣ ቢላ። እዚህ ላይ ግን ልኩራ፤ ዘመዶቼ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እኔ ጋ ነው የሚያመጡት። ስድስትና ሰባት ቢላ የተሰካበት የእንጨት ሳጥን አትግዛ። ስለቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ትልቅ ቢላ፣ ለመላጥና ለጥቃቅን ሥራ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ትንሽ፣ ዳቦ የምትወድ ከሆነ ጥርስ ያለው አንድ። አበቃ። ከቢላው ያተረፍከውን መሳያ ድንጋይ ግዛበት፤ 1000 ቁጥር የተጻፈበት ለቤት ይበቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው፣ የተቆረሰ ስለት ለማስተካከል እንጂ በየሳምንቱ ለመሳል አይሆንም።

አሳሳሉን ሁሉም የሚፈራው ማዕዘኑን ነው። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ግማሹን አጋድመው፣ የቀረውን እንደገና በግማሽ አጋድመው፤ ከዚያ ትንሽ ብቻ ዝቅ። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው እዚያ ነው። በአንድ በኩል ስትስል በሌላው በኩል ጥፍርህን ስታስኬድ የምታደናቅፍ ቀጭን ጠርዝ እስክትወጣ ድረስ አትገልብጠው። እሷ ካልወጣች ገና አልደረስክም፣ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ነው። ስትጨርስ የበሰለ ቲማቲም ላይ ቢላውን ሳትጫን በክብደቱ ብቻ ጎትተው፤ ልጣጩን ካለፈ ተስሏል። ያ እንደ ዱላ ያለው ክብ ብረት ደግሞ አይስልም፣ የተጣመመውን ስለት ነው የሚያቃናው። ለየቀኑ ጥሩ ነው፣ የደነዘ ቢላ ግን አያድንም። እኔን የቆረጠኝ ምንጊዜም የደነዘ ቢላ ነው፤ ሽንኩርቱ ላይ ይንሸራተትና ጣት ላይ ያርፋል።

መክተፊያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የመስታወት መክተፊያ የሰጠህ ሰው ካለ አመስግነህ ዳቦ አቅርብበት፤ ስለት በአንድ ሳምንት ይበላል። ለጥሬ ሥጋ ሌላ መክተፊያ ለይ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፍ፣ አይንሸራተትም።

5. ቴፍሎን መጥበሻ (ምግብ የማይጣበቅበት ሽፋን ያለው) አንድ፣ ለእንቁላል፣ ለሌላ አይደለም። ውድ አትግዛ፤ የቱንም ያህል ብትከፍል ሽፋኑ ያልቃል። ብረት ማንኪያ አታስነካው፣ ባዶውን እሳት ላይ ጥደህ አትሂድ። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን መበላሸትና ጭስ ማውጣት ይጀምራል፤ ባዶ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ወፍ የምታረባ ከሆነ ጭሱ ወፍ ይገድላል፣ ቀልድ አይደለም። ለሥጋና ጠንከር ላለ ጥብስ ከባዱ ጥቁር ብረት መጥበሻ ይሻላል። እሱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ግን አድርቀህ ዘይት ካልቀባኸው ይዝጋል፣ ቲማቲምም ለረጅም ሰዓት አታፍላበት፣ ዘይቱ የሠራውን ሽፋን ይበላዋል።

6. ከሁሉም ዘግይቼ የገዛሁት፣ ከሁሉም ቀድሜ መግዛት የነበረብኝ ፕሬዠር ኩከር፣ ያ እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ነው። ፈርቼው ነበር፤ ይፈነዳል የሚል ወሬ ስሰማ ነው ያደግኩት። ነገሩ ቀላል ነው፦ እንፋሎቱ ሲታፈን ውሃው 100 ዲግሪ ላይ መፍላቱ ቀርቶ ወደ 120 ይጠጋል፣ ለዚህ ነው ባቄላውና ጠንካራው ሥጋ ቶሎ እጅ የሚሰጠው። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙላው፤ ባቄላ፣ ምስርና ሩዝ ስለሚያብጡና አረፋ ስለሚያወጡ ከግማሽ አታሳልፍ፣ አረፋው የእንፋሎት ቀዳዳውን የሚደፍነው ያኔ ነው። ቀዳዳውን ከእያንዳንዱ ማብሰል በፊት ወደ ብርሃን ይዘህ እይበት። ስትገዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ «እንፋሎቱን የሚያፍነው የክዳኑ ጎማ ለብቻው ይሸጣል ወይ?» አይሸጥም ካሉህ አትግዛ። ጎማ ይደርቃል፤ ጎማ የሌለው ደግሞ ተራ ድስት ነው፣ ያውም ከባድ።

7. ብሌንደር ለጊዜው ይቆይህ። ከገዛህ ግን የፈላ ሾርባ እስከ አፉ ሞልተህ ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ አታስነሳው። እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፤ የእኔ ግድግዳ ሁለተኛ ጊዜ ሾርባ የጠጣው ያኔ ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ፣ የክዳኑን መሃል ክፈትና በጨርቅ ያዝ።

የቀረው ጥቃቅን ነው፦ የእንጨት ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ አንድ ወንፊት፣ መላጫ፣ መቆንጠጫ፣ መፈቅፈቂያ። ነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ፣ እንቁላል መቁረጫ፣ ሽንኩርት በአንድ ምት ይከትፋል የሚሉት ሳጥን ... ለማጠብ የሚወስዱት ጊዜ ቢላ ከሚወስደው ይበልጣል። ሳጥኑን እኔም ገዝቼዋለሁ፣ አትጠይቀኝ።

ድስት ግን አንድ ብቻ ገዝተህ ጀምር፤ ወደ 4 ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ ወፍራም። ሁለተኛውን አንዱ ተይዞብህ ሌላ ስትፈልግ ትገዛዋለህ፤ መጠኑን ያኔ ታውቀዋለህ። እኔ ከዚያ ሁሉ በኋላ ዛሬ የምሠራበት እናቴ የሰጠችኝ ነው። ስብስቡን በገዛሁ ጊዜ መጥታ ዐየችው፣ እያንዳንዱን አንስታ አስቀመጠች፣ ምንም አላለችም። ስለ ሾርባው ከሰማች በኋላ አሮጌ ወፍራም ድስቷን፣ ክዳኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነውን፣ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ከ12ቱ ፍሬ እስከ ዛሬ ቤቴ ያለው አንድ ክዳን ነው፤ ለእሷ ድስት ልክ ሆነ።