«እሱ አገሩ ገባ፣ እኔ ካገሬ ወጣሁ»

ጥያቄ

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። ድሬዳዋ እስክመጣ ድረስ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራ ነበር። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የተከራየነው ቤትም አብሮ ሄደ፤ እናቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣት። እኛ ሌላ ቤት ብንፈልግ ኪራዩ አልቀመስ አለን። ባለቤቴም «ድሬን ለአንድ ዓመት እንሞክራት፣ ካልሆነ እንመለሳለን» አለኝና ከዚራ በሚባለው ሰፈር የእናቱ ቤት ገባን። ዓመቱ ካለፈ ቆየ። ስለ መመለስ ያነሳ የለም።

እሱ ተመችቶታል። ከወንድሙ ጋር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቷል። ምሳውን በልቶ ከአብሮ አደጎቹ ጋር ጫት ሊቅም በርጫ ይቀመጣል፤ ማታ ሲገባ ወይ ዕቅዱን ሲዘረዝር ያመሻል፣ ወይ ኩርፍ ብሎ ይተኛል። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር። ማጀት ገብቼ ሽንኩርት ሳነሳ «አንቺ እረፊ ልጄ» ብለው ቢላውን ከእጄ ይወስዱታል። ቀን ሙቀቱ ያደነዝዘኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ በውሃው ነጭ ሆኖ፣ ሻዩ እንኳን ሌላ ሻይ ሆነብኝ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ «ኧረ አቦ እማዬ» ይለኛል፤ አዲስ አበባን ሳነሳ ይነጫነጫል። ለባለቤቴ ብነግረው «ድሬን ያልለመደ ሰው የለም፣ ችግሩ ካንቺ ነው» አለኝ። እሱ አገሩ ገባ፣ እኔ ካገሬ ወጣሁ። ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ ብሄድ ትዳሬን አፈረስኩ ማለት ነው?

ወ. ነኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ ከየት ወገን ሆኜ እንደምናገር አስቀድመሽ ብታውቂ ይሻላል። የድሬ ልጅ ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ነው፤ ሰው ድሬን ሲያማ ደስ አይለኝም። እንዲያም ሆኖ «ችግሩ ካንቺ ነው» የሚለውን የባለቤትሽን ፍርድ አልቀበለውም። ድሬ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች። ግን እንግዳ መቀበልና እንግድነቱ እንዲያበቃ ማድረግ ይለያያሉ። አንቺ እስከ ዛሬ በደንብ የተስተናገድሽ እንግዳ ነሽ፤ ቢላው ከእጅሽ የሚወሰደውም ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ዋናውን ነገር ራስሽ ጽፈሽዋል። አንድ ቀን ተነስታችሁ አንድ ቤት ብትገቡም የሄዳችሁበት መንገድ አንድ አይደለም። ባለቤትሽ አዲስ አበባ ውስጥ ከብዙ ተከራይ አንዱ ነበር። እዚህ ባጃጅ ሲሳፈር ነጂው «የእገሌ ልጅ አይደለህም?» ይለዋል። አንቺ ደግሞ በመሥሪያ ቤትሽም በሰፈርሽም በስምሽ ስትጠሪ ኖረሽ፣ ከዚራ ስትደርሺ የእገሌ ሚስት፣ የእገሊት ምራት ሆንሽ። እሱ ያገኘው አንቺ ያጣሽውን ነው። ደስታው ስድብ የሚመስልሽ፣ ያንቺ ሐዘን ደግሞ ለሱ ምስጋና ቢስነት የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። ክፋት ከሁለታችሁም አላየሁም።

«ቤት መቀየር ምን ያህል ነገር ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ የቆየ መለኪያ ልጥቀስ። ሆልምስና ራሂ የተባሉ አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967፣ ሰውን የሚያናውጡ 43 የሕይወት ለውጦችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። የትዳር አጋር ሞት 100 ነው። መኖሪያ መቀየር 20 ብቻ! ባለቤትሽ የሚያየው ይህችን 20 ይመስለኛል። ያንቺ ግን እዚያ አያበቃም። የኑሮ ሁኔታ ለውጥ 25፣ የገቢ ለውጥ 38፣ የእንቅልፍ ልማድ መዛባት 16፣ የማኅበራዊ ኑሮ መለወጥ 18፣ ከባል ጋር የሚደረግ ጭቅጭቅ መብዛት 35 አለ። ተደምሮ 152 ይሆናል፤ ሥራ ማቆምሽን ገና አልቆጠርኩም። በነሱ ስሌት ከ150 ያለፈ ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል። መለኪያው የኛን ሰው ታስቦ ስላልተሠራ ቁጥሩን እንደ ፍርድ አልወስደውም፤ ነገሩ ቅብጠት አለመሆኑን ግን ያሳያል። ከአማት ጋር መጋጨትም በዝርዝሩ ላይ 29 አለው። ያንቺ ነገር ግጭት ስላልሆነ ተውኩት፤ ያንቺ የውለታ ዕዳ ነው፤ ደግ ሰው ላይ መቆጣት አይቻልምና።

ስለ ባለቤትሽም ጥቂት ልበል፤ አንቺ የማታይው ነገር ያለ ይመስለኛል። ድሬ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሥራዋም ስሟም ከሐዲዱ ጋር ነበር። የድሮው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ሲቆም፣ ታይዋን የሚባለው የከተማዋ ገበያም እንደ ቀድሞው አልሆን ሲል፣ ብዙ ወጣት ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በዚያ ዘመን ድሬ ውስጥ የቀረ እንደ ተሸነፈ ይታይ ነበር። አዲሱ ባቡር ከተጀመረና በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠናው ከተከፈተ ወዲህ ወሬው ተገልብጧል፤ አሁን የሚኩራራው ተመልሶ ሱቅ የከፈተው ነው። ስለዚህ አንቺ «እንመለስ» ስትዪ ባለቤትሽ የሚሰማው «ተሸንፈህ ውጣ» የሚል ነው። ይህን ስታውቂ ትስማሚለታለሽ ማለቴ አይደለም። ስለ ከተማ በተነሳ ቁጥር ለምን እንደሚቆጣ ይገባሻል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። የምትመለሺበት አዲስ አበባ የቱ ነው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ የናፈቅሽው ካዛንቺስን ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ በር ሳታንኳኪ የምትገቢባቸውን ቤቶች፣ ቡና ሲፈላ ተጠራርተሽ የምትጠጪያቸውን ጎረቤቶች። እነዚያ ሰዎች ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበታትነዋል። እናትሽም ቢሆኑ የጎረቤቶቻቸውን ስም ገና እየለመዱ ይሆናል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሰልስት አለው፣ አርባ አለው። ለፈረሰ ሰፈር ማን ድንኳን ይተክላል? አንቺ ደግሞ ለማልቀስ እንኳን ሳትቀመጪ አውቶቡስ ተሳፈርሽ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ያልወጣለት ሐዘን ቅርብ ባገኘው ነገር ላይ ያርፋል፤ በሙቀቱ፣ በውሃው፣ በሻዩ። የድሬ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ማድረጉ እውነት ነው። የሚያስለቅስሽ ግን ማንቆርቆሪያው አይመስለኝም።

ለዚህ የምመክርሽ ነገር ቀላል ነው። የድሮ ጎረቤቶችሽን ስልክ ሰብስቢ፣ ደውዪላቸው፣ ስለ ካዛንቺስ አውሩ፣ ካስለቀሳችሁም አልቅሱ። እናትሽ ፎቶዎች ካሏቸው በስልክ ያስልኩልሽ፤ ለልጆችሽም አሳይያቸው። ባለቤትሽ እዚያው በተገኘ ጥሩ ነበር። የሚያስለቅስሽ ያጣሽው ሰፈር እንጂ የሱ ከተማ ጥላቻ አለመሆኑን በጆሮው ይሰማል።

ሙቀቱን በተመለከተ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሌሊት በሙቀት ያልተኛ ሰው ቀን ብስጩ ቢሆን አይገርምም። አንቺ አሁንም የምትኖሪው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ነገር ለመሥራት ትታገያለሽ፣ ማታ በር ዘግተሽ ትቀመጫለሽ። እዚህ ጉዳይ የሚያልቀው እስከ ረፋድ ነው። ሱቁ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ሰው የሚገናኘው ከ11 ሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ወንበርሽን ይዘሽ ውጪ። ማውራት ካልፈለግሽ አታውሪ፤ ደጅ ላይ መታየቱ በራሱ ሰላምታ ነው። አጎበር ሳትጥሉ ግን አትተኙ። ድሬ ወባ አለባት፤ ደንጊና ቺኩንጉንያም አንዳንድ ዓመት ይነሳሉ፣ የእነሱ ትንኞች ደግሞ ቀንም ይነድፋሉ።

ከአማትሽ ጋር ስላለው ነገር፣ ሥራ ልርዳዎት አትበያቸው። ረዳት ሁልጊዜ እንግዳ ነው። «እማማ፣ የእሁድ ምሳ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ይሁን» ብለሽ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሰጂ፤ ከገበያው እስከ ዕቃ ማጠቡ። ከፊራ ገበያም አብረሻቸው ሂጂ፣ ነጋዴዎቹ ፊትሽን ይልመዱት። የሰፈሩ እድርም ቢሆን በሳቸው ስም ብቻ ከሆነ፣ በራስሽ ስም መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ስምሽ ሲጠራ መስማት ግን ዋጋ አለው። ስለ ሥራም፣ የሒሳብ ባለሙያ ድሬ ውስጥ አይተርፍም። ተቀጣሪነቱ ቢዘገይ እንኳን የሁለት ሦስት ነጋዴ መዝገብ ይዞ መጀመር ይቻላል። የባልሽን ሱቅ መዝገብ ግን በመጀመሪያ አትያዢ። ያ ሥራ እንደገና የእገሌ ሚስት ያደርግሻል።

የልጅሽ ነገር አሳስቦኛል። ኦሮምኛና ሶማልኛ መልመዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚነጫነጨውም እናቱን ሊያሳዝን ፈልጎ አይደለም። አዲስ አበባን ስታነሺ፣ አንዴ የለቀቀውን ሰፈር ሁለተኛ ሊለቅ መሆኑን ይፈራል። ባለቤትሽ «አየሽ፣ ልጁ እንኳን ለምዷል» ብሎ ምስክር አድርጎ እንዳያቀርበው፣ አንቺም «አዲስ አበባ አይሻልህም?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። በዘጠኝ ዓመቱ በእናትና በአባቱ መሐል ዳኛ መሆን የለበትም።

ልጆቹን ይዤ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ እናትን መጠየቅ ትዳር ማፍረስ አይደለም። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ የምትመለሱበት ቀን ታውቆ፣ ባለቤትሽም ልጆቹም እያወቁ ብትሄዱ መልካም ነው፤ ሙቀቱንም ታመልጣላችሁ። አንድ ጠዋት ሳይናገሩ ሻንጣ ይዞ መውጣት ግን ለአንድ ዓመት የተባለውን ውል እሱ ዝም ብሎ እንዳሻገረው፣ አንቺም ዝም ብለሽ ማፍረስ ይሆናል።

እኔ የባለቤትሽ ጥፋት የምለውም ይህንኑ ዝምታ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ተስማምተው ይወስኑ ብሏል። ይህ ሕግ በአዲስ አበባም በድሬዳዋም ይሠራል። ፍርድ ቤት ሂጂ ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚያስበው በአሮጌው ሕግ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። «እንሞክራት» ብሎ ያመጣሽ ሰው ሙከራው ምን እንዳስገኘ ቁጭ ብሎ የማውራት ዕዳ አለበት።

ንግግሩን ከበርጫ በኋላ አታድርጊው። በምርቃና ሰዓት ሰው ቃል ለመግባት ይቸኩላል፣ ሁሉም ነገር ይቻላል ይላል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣና የገባውን ቃል ሲያነሱበት ይቆጣል። ማታ የምታይው ሁለት ዓይነት ባል በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እሁድ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ከቤት ወጣ ብላችሁ አውሩ። ድሬ ትሻላለች አዲስ አበባ በሚል ክርክር አትግቢ፤ አታሸንፊም፣ ብታሸንፊም ምንም አታገኚም። ይልቅ እንዲህ በዪው፦ «አንተ አገርህ ገብተሃል፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ገና አልገባሁም። እንድገባ አንተ ምን ታደርጋለህ? እስከ መቼ እንሞክራለን? ያ ቀን ደርሶ እኔ አልችልም ብል ምን እናደርጋለን?» ሦስተኛውን ሳይመልስ አትነሺ። የመቅረት ነፃነት ያለሽ መውጣትም የምትችዪ ሲሆን ነውና፣ ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሽማግሌ ካስፈለገ ከበርጫው ጓደኞች መሐል አይሁን፤ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ይህ ሁሉ ግን ጤነኛ ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ሙቀቱ ሲበርድም ካልለቀቀሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ቀድሞ ደስ የሚሉሽ ነገሮች ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ካልሰጡሽ፣ ወይም መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ከባልሽ ጋር የምታደርጊውን ንግግር ሳትጠብቂ ሐኪም እዪ። ድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው። ከተማው ትንሽ ነው፣ የባሌ ዘመድ ያየኛል ብለሽ ከሠጋሽ ደግሞ የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሂጂ፤ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ትመለሻለሽ።