ከማህፀን ውጪ ያረፈ ፅንስ በመርፌ ሲታከም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የወር አበባዬ በቀረ በሁለተኛው ሳምንት እምብርቴ ሥር በግራ በኩል ቁርጠት ይዞኝ ጥቂት ደምም ስለታየኝ ደሴ ሄጄ በአልትራሳውንድ ተመረመርኩ። ፅንሱ በግራው የማህፀን ቱቦ ውስጥ እንዳረፈ፣ ቱቦው ግን ስላልፈነዳ በመርፌ ሊታከም እንደሚችል ተነገረኝ። አማቴ «ትንሽ ብትታገሺ ወደ ቦታው ይወርዳል» ይላሉ። መርፌው የካንሰር መድኃኒት ነው መባሉም አስፈርቶኛል። ገና ልጅ አልወለድኩም፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ስላልሆነ ከአማትዎ ሐሳብ ልጀምር። ቱቦ ውስጥ ያረፈ ፅንስ ወደ ማህፀን አይወርድም፤ በሕክምናም ቢሆን ከዚያ አንሥቶ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ቱቦው ጠባብና ስስ በመሆኑ ፅንሱ ባደገ ቁጥር ተወጥሮ ሊፈነዳ ይችላል፤ ደሙም በአብዛኛው ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ፣ በውጭ የሚታየው ጠብታ ብቻ ሆኖ ሳለ ሴቲቱ ሕይወቷን እስከሚያሳጣ ድረስ ልትደማ ትችላለች። መታገሱ ፅንሱን አያተርፍም፤ አደጋው ግን በእርስዎ ላይ ነው። አማትዎ ይህን የተናገሩት በክፋት አይደለምና፣ ቢቻል አብረዋቸው ሄደው ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙት እመርጣለሁ።

መርፌው ሜቶትሬክሴት ይባላል። በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን እድገት ስለሚገታ ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችም ይሰጣል፤ ለእርስዎ የሚታዘዘው ግን በቁመትና በክብደት ተሰልቶ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ አነስተኛ መጠን ነው። ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ቱቦው ያልፈነዳ፣ የደም ግፊቷ የተረጋጋ፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ሴል ምርመራዋ ደህና የሆነ፣ ለክትትልም መመላለስ የምትችል መሆን አለባት። የፅንሱ ልብ መምታት ካልጀመረና ቤታ ኤችሲጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ከ5000 በታች ከሆነ የመሳካት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ከመርፌው በኋላ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ሆርሞኑ ይለካል። በ4ኛው ቀን ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደንግጡ፤ የሚፈለገው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ቢያንስ በ15 በመቶ እንዲወርድ ነው። ከዚያም ጨርሶ እስኪጠፋ በየሳምንቱ ይለካል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ አለ፦ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል መድኃኒቱን ስለሚያከሽፍ እጅዎ ላይ ካለ ያቁሙት። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ከከባድ ሸክምና ከግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይቆጠቡ።

በነዚህ ቀናት ቀለል ያለ የሆድ ሕመም የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕመሙ ድንገት ከበረታ፣ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ትከሻዎ ጫፍ ላይ ከተሰማዎት፣ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት በሌሊት እየደሙ መውጣት ሌላ ነገር ነውና፣ ደሴ ዘመድ ካለዎት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያው ቢሰነብቱ ይሻላል። ቱቦው ከፈነዳ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቱቦው ይወጣል። የደም ዓይነትዎ ኔጌቲቭ ከሆነም አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ያስፈልግዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ልጅን በተመለከተ፣ አንድ ቱቦ ቢወጣ እንኳ ሌላው ጤነኛ ከሆነ መፅነስ ይቻላል። ከመርፌው በኋላ ግን ቢያንስ ሦስት ወር በወሊድ መከላከያ ይቆዩ። ይህ ችግር ካጋጠማቸው ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ያህል በድጋሚ ስለሚገጥማት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የወር አበባዎ እንደቀረ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ይንገሩ፤ የመጨረሻው የወር አበባዎ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንትም ፅንሱ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ያስረጋግጡ።