ለከባድ ቦምብ ጣዮች የፈሰሰው ሀብት ዋጋ ነበረው?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ ጀርመንን ለመደብደብ በሺዎች የሚቆጠሩ ከባድ አውሮፕላኖች አሰልፈዋል። የጀርመን የጦር መሣሪያ ምርት ግን በ1944ም ሲያድግ ነበር ይባላል። ያ ሁሉ አውሮፕላንና አብራሪ ለሌላ ሥራ ቢውል አይሻልም ነበር? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እስከ 1944 መግቢያ ባለው ጊዜ የአብዛኛው ድካም ውጤት ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ጀርመንን ሽባ አድርጓታል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ የቸገረው ማነጣጠሩ ነው። በ1941 በእንግሊዝ መንግሥት ትእዛዝ የአየር ፎቶግራፎች ሲመረመሩ፣ ዒላማውን መታን ካሉት አውሮፕላኖች 8 ኪሎ ሜትር ድረስ የቀረቡት ከሦስት አንዱ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ጭስ በማይለየው የጀርመን የፋብሪካ አካባቢ በሩር ደግሞ ከአስር አንዱ። ፋብሪካ ለይቶ መምታት ሲያቅት ከተማን በጅምላ ወደ መደብደብ ተዞረ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ያለቁት በዚህ ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዕዝም ከ125,000 ገደማ የበረራ ሠራተኞቹ 55,573 ሞተውበታል።

አሜሪካኖች በቀን እየበረሩ የተመረጠ ፋብሪካ እንመታለን አሉ። ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ኩሽኔታ ወደሚመረትባት ሽዋይንፉርት 291 አውሮፕላኖች ተነሡ፤ 60ዎቹ እያንዳንዳቸው አስር አስር ሰው እንደያዙ ቀሩ። አጃቢ ተዋጊዎቹ ነዳጅ ስለማይበቃቸው ከጀርመን ድንበር አካባቢ ተመልሰው ነበር። ፋብሪካውም አልሞተም። ቦምቡ ጣሪያና ግድግዳ ቢያፈርስም ከባዱን የብረት መቁረጫ ማሽን እምብዛም አይጎዳውም፤ ፍርስራሹ ሲነሣ ማሽኑ ተጠግኖ ይሠራል። ጀርመኖች የተከማቸውን ኩሽኔታ ተጠቀሙ፣ ከስዊድን ገዙ፣ ማሽኖቹንም በየቦታው በታተኑ። አሜሪካኖች ደግሞ ከዚያ ኪሳራ በኋላ ለአራት ወራት አልተመለሱም። በእኛ አስተያየት ከባዱ ስህተት ይኸኛው ነው፤ ዒላማ አንዴ ተመትቶ ከተተወ ይጠገናል።

ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ በሚያመርተው የጀርመን ፋብሪካ በሎይና ይህ ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ። ሜይ 12 ቀን 1944 ተመታ፤ በአስር ቀን ከፊል ምርት ሲጀምር ሜይ 28 ተደገመ። በጠቅላላው 22 ጊዜ ተደብድቧል። ከወረደው ቦምብ ከአጥሩ ውስጥ ያረፈው 10 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም በቂ ነበር፤ የውኃ፣ የጋዝና የእንፋሎት ቧንቧዎች ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይቆማል። የጀርመን የአውሮፕላን ቤንዚን ምርት በኤፕሪል ከነበረበት 175,000 ቶን በጁላይ ወደ 30,000፣ በሴፕቴምበር ወደ 5,000 ቶን ወረደ። የጠየቁት የምርት ዕድገትም መልሱ እዚህ ነው። ጀርመን በ1944 ወደ 40,000 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ብትሠራም የሚያበርራቸውን ወጣት ማሠልጠኛ ነዳጅ አልነበራትም።

“ለሌላ ሥራ” ላሉት፣ አትላንቲክን እንጠቅሳለን። በ1942 እንግሊዝ በአንድ ሌሊት 1,047 አውሮፕላን ወደ ኮሎኝ ስትልክ፣ በውቅያኖሱ መካከል መርከቦችን ከሰርጓጅ መርከብ የሚጠብቁ፣ ሊበሬተር የተባሉ ረጅም ርቀት በራሪ ከባድ ቦምብ ጣዮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1943 ጸደይ ጥቂት ደርዘን ሲጨመሩ፣ ከአጃቢ መርከቦችና ከራዳር ጋር ሆነው የጀርመን ሰርጓጆችን በሜይ ወር ከአካባቢው አስለቀቁ። እነዚያን ጥቂት አውሮፕላኖች ከዓመት በፊት መልቀቅ ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ሙስታንግ ቦምብ ጣዮችን እስከ በርሊን ለማጀብ ነዳጁን የት ይይዝ ነበር? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በክንፎቹ ውስጥ ካለው ሌላ፣ ከአብራሪው ጀርባ 320 ሊትር ገደማ፣ በክንፎቹ ሥር ደግሞ እያንዳንዳቸው 410 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት ተጣይ በርሜሎች ነበሩት። የጀርባው ሙሉ ሲሆን አውሮፕላኑ ጭራው ስለሚከብድ በጠባብ ዙር መታጠፍ አደገኛ ነው። ስለዚህ አብራሪው መጀመሪያ የጀርባውን ያጎድላል፣ ቀጥሎ የበርሜሎቹን ይጠቀማል፤ ጠላት ሲመጣ በርሜሎቹን ጥሎ በክንፉ ነዳጅ ተዋግቶ ይመለሳል።