«ድነት ይጠፋል ወይ?» የማክሰኞ ማታ ጥያቄና መልስ ከደሴ

የዛሬው ርዕስ ከደሴም ከኮምቦልቻም በብዛት የተላከልን ነው፤ ያመነ ሰው ድነቱን ሊያጣ ይችላል? መምህር ይመልሱልናል። እባካችሁ አንድ ጥያቄ አትደጋግሙ።

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጥቅስ ስትልኩ ከነምዕራፉ አንብባችሁ ላኩ። አንድ ቁጥር ቀንጭባችሁ አትወርውሩብኝ።

የፒያሳው፦ መምህር፣ ጫት የሚቅም አማኝ ድነቱን ያጣል?

መምህር፦ ጫቱን ይተው። የዛሬው ጥያቄ ግን ይሄ አይደለም። ቀጣይ።

ከቧንቧ ውሃ፦ መምህር፣ ታናሽ እህቴ ለትዳር ብላ ሃይማኖቷን ቀይራ ነበር። አሁን መመለስ ትፈልጋለች። ግን ዕብራውያን 6 ላይ የካዱትን ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለውን አንብባ «ለእኔ በሩ ተዘግቷል» እያለች ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

መምህር፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። የሚያስጨንቃት በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «የካዱትን» የሚለው ቃል ነው። «ካደ» ሲባል ደግሞ ጴጥሮስ ትዝ ይለናል። እሱም ሦስት ጊዜ ካደ። በግሪኩ ግን ሁለቱ አንድ ቃል አይደሉም። የጴጥሮሱ «አርኔኦማይ» ነው፤ አላውቀውም ማለት። የዕብራውያኑ «ፓራፒፕቶ» ነው፤ ጥሬ ፍቺው ከመንገድ ወጥቶ መውደቅ። በአዲስ ኪዳን ውስጥ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ምዕራፍ 10ንም ጨምሪበት። መልእክቱ የተጻፈላቸው ሰዎች ስለ እምነታቸው ንብረታቸው የተዘረፈ ናቸው። ደክሟቸው ክርስቶስን ሊተዉ ከጫፍ ደርሰዋል። የተጻፈው እንዳይሄዱ ነው። ልመለስ ብሎ ደጅ የቆመን ሰው ለማባረር አይደለም።

ስም የለሽ፦ ኤሳውስ? ዕብራውያን 12 ላይ እያለቀሰ ፈልጎ አላገኘም።

መምህር፦ ኤሳው ያለቀሰው ለበረከቱ ነው። ዘፍጥረት 27ን አንብብ። ከነምዕራፉ!

ቦርከና፦ ታዲያ መምህር፣ አንዴ የዳነ ለዘላለም ዳነ ማለትዎ ነው?

መምህር፦ አላልኩም። እምነቱን አውቆ የጣለ ሰው ይጠፋል ባይ ነኝ። የሉተራውያን የአውግስቡርግ እምነት መግለጫም ከእ.ኤ.አ. 1530 ጀምሮ፣ አንዴ የጸደቀ መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚለውን አይቀበልም። አንቀጽ 12 ነው። ግን ድነት ባጃጅ ላይ ረስተኸው እንደምትወርደው ቁልፍ ሳታውቀው አይጠፋም። ወድቆ የተነሳ ሁሉ ድነቱን ጥሎ አገኘ ማለትም አይደለም።

ቦርከና፦ ዮሐንስ 10 ላይ ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም ይላል እኮ። የካልቪን ተከታዮች ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 የዳነ አይጠፋም ብሎ ይሄን ዘግቶታል።

መምህር፦ ለካልቪናውያን ዘግቶ ይሆናል። እነሱን የተቃወሙት የአርሚንዮስ ተከታዮች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1610 ባቀረቡት አምስተኛ ነጥብ «ይጠፋል» ብለው አልደመደሙም፤ ከመጽሐፍ ይመርመር ነው ያሉት። ይሄን የሚያነብ የለም። ማንም አይነጥቅም፣ እስማማለሁ። ጥያቄው ሰውየው ራሱ ይወጣል ወይ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ገደል ባይኖር የገደል ምልክት ማን ይተክላል?

ቦርከና፦ ምልክቱ እኮ ነው ሹፌሩን ከገደል የሚያተርፈው። እግዚአብሔር የራሱን ሰዎች የሚጠብቀው በማስጠንቀቂያው በኩል ነው።

መምህር፦ ይሄ የዋዛ መልስ አይደለም። አልቀበለውም፤ ግን አከብረዋለሁ።

የመድኃኔዓለም ሰፈር ልጅ፦ ይቅርታ መምህር፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጓደኛዬ ነው ያስገባኝ። መጀመሪያ ነገር «ድነት» ሳይሆን «ድኅነት» ነው። ለእኛ ድኅነት ጉዞ ነው። ማቴዎስ 24 ላይ እስከ መጨረሻ የሚጸና ይድናል ተብሏል። ንስሐ አባት የያዝነውም ለዚህ ነው።

የሐረጎው፦ ይሄ ነገር ቦሩ ሜዳ ላይ አልቆ የለም እንዴ?

የመድኃኔዓለም ሰፈር ልጅ፦ ኧረ ባክህ! በእኛ አቆጣጠር በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የተከራከሩት ስለ ክርስቶስ ልደት ነው። ሁለት ነው ሦስት በሚል።

የሐረጎው፦ አፄ ዮሐንስ ነበሩ አይደል የሰበሰቡት?

የፒያሳው፦ ምኒልክም ነበሩ።

መምህር፦ ልጆች፣ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ሄዳችሁ እዚያው ጨርሱት። ማቴዎስ 24ን ያነሳኸው ወንድሜ ግን ቁም ነገር ነው የያዝከው። ጽና የተባለው ለአማኝ ነው። እኛ ቤት ይሄን ጥቅስ ዘለን የማለፍ አመል አለብን።

የፒያሳው፦ አሥራት የማያወጣስ ይጠፋል?

መምህር፦ ሌላ ቀን።

የኮምቦልቻው፦ መምህር፣ አሁን መግባቴ ነው። በአጭሩ ድነት ይጠፋል አይጠፋም?

መምህር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከቧንቧ ውሃ፦ መምህር፣ ይሄ ሁሉ ግሪክ ለእህቴ አይገባትም። ምን ላንብብላት?

መምህር፦ ልክ ነሽ። ዮሐንስ 18 ላይ ጴጥሮስ ሲክድ የከሰል እሳት እየሞቀ ነበር። ምዕራፍ 21 ላይ ጌታ ራሱ ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጥዶበት ጠበቀው። በወንጌሉ ውስጥ ያ የፍም ቃል ያለው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ቁርስ ካበላው በኋላ ነው «ትወደኛለህን?» ያለው። 21ን አንብቢላት። ከቁጥር 1 ጀምረሽ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ረጅም ነው?

መምህር፦ 25 ቁጥር ነው። ዛሬ ማታ ደውይላት።